ምላጩን አንቀህ አትያዘው፦ ስለ ታጣፊ ምላጭ አያያዝ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ነኝ፣ እንጨት ሥራ ላይ ነው የምውለው። አጎቴ የድሮ ታጣፊ ምላጩን ሰጠኝ። መሮ በምስልበት ድንጋይ ሳልኩት፣ ወረቀት ይቆርጣል። አያያዙን ፀጉር ቤት እንዳየሁት ነው የማደርገው፣ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፣ አንጓዬንም ያመኛል። ቀኝ ጉንጬ ላይ ደህና ነኝ። ግራው ላይ ክንዴ መስታወቱን ይጋርደኛል። አገጬን ሁለቴ ቆርጬዋለሁ፣ አንገቴ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ። ትክክለኛው አያያዝ የቱ ነው? ለግራው ጎን በግራ እጄ ልሥራ?»

የጠየቅከው ስለ ጣት ነው፣ እኔ ግን ከድንጋዩ ልጀምር። ጣትህ የሚደነዝዘው ስለምታጠብቀው ነው። የምታጠብቀው ምላጩ ስለሚጎትት ነው። ምላጩ የሚጎትተው ደግሞ በመሮ ድንጋይ ስለሳልከው ነው። ወረቀት መቁረጡ ምንም አይነግርህም፣ ወረቀትማ የሽንኩርት ቢላም ይቆርጣል። በደንብ የተሳለ ምላጭ አንድ የራስ ፀጉር በጣትህ አንጠልጥለህ ስታስነካው ይበጥሰዋል፣ አንተ ሳትገፋው። ያንተ ፀጉሩን አጥፎ ካለፈ ምንም ዓይነት አያያዝ አያድንህም፣ እኔም ብይዘው ያው ነው።

መሮና ምላጭ አሳሳላቸው አይገናኝም። መሮ ከአንድ ጎን ነው የሚሳለው፣ ማዕዘኑን የምትጠብቀውም በእጅህ ነው። የምላጭ ማዕዘን ጠባቂ ግን የራሱ ጀርባ ነው። ምላጩን ድንጋይ ላይ ስታስተኛው ጀርባውም አፉም እኩል መንካት አለባቸው፣ ጀርባው በፍፁም አይነሳም። አንተ በመሮ ልማድ ጀርባውን ትንሽ አንስተህ ስለኸው ከሆነ (ደግሞ እርግጠኛ ነኝ አንስተሃል፣ የእንጨት ሠሪ እጅ አስተኝቶ መሳል አያውቅም) አፉ ደንድኗል። የድንጋዩ ሸካራነትም አለ። ለመሮ 1000 ቁጥር ድንጋይ ብዙ ሥራ ይሠራል። ምላጭ ግን የመጨረሻውን የሚያገኘው 8000 እና ከዚያ በላይ በሆነ በጣም ለስላሳ ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ በፊትህ ላይ እየጎተትክ ያለኸው በዓይን የማይታይ መጋዝ ነው ማለት ነው። አንገትህ ላይ ለወጣው ሽፍታ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ እጅህ። ፀጉር ቤት ያየኸውን አያያዝ መገልበጥህ ስህተት ነው አልልም፣ ግን ያየኸው ግማሹን ነው። እኔ ደንበኛዬን ስላጭ እዞረዋለሁ። ግራውን ስጨርስ ወንበሩን አዞራለሁ ወይ እኔ እዞራለሁ። ክንዴ ሁልጊዜ በሚመቸኝ ቦታ ነው፣ ከላይ ሆኜ ነው የማየው፣ ደንበኛው አንገቱን ለኔ ትቶታል። አንተ ግን የራስህን ፊት መዞር አትችልም። ፊትህ የምታየው መስታወት ውስጥ ነው፣ ተገልብጦ። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚሠራውን አንተ አንጓህን ሰብረህ ነው የምትሠራው። ሕመሙ ከዚያ ነው። ጣትህን ሳይሆን ክርንህን ነው ማንቀሳቀስ ያለብህ።

ስሞቹን ልንገርህ፣ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው። ወፍራሙ ከላይ ያለው ጀርባ ነው። የሚቆርጠው አፍ ነው። አፉ ካለቀ በኋላ ያለው ቀጭን ብረት አንገት ይባላል። ከአንገቱ ወዲያ፣ ከብሎኑ አልፎ ወደ ላይ ቀና ያለችው ትንሿ ጫፍ ጅራት ናት። ምላጩ ሲታጠፍ የሚገባበት ማቀፊያው ነው። ማቀፊያው እጀታ እንዳይመስልህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ማቀፊያውን እንደ ቢላ እጀታ ጨብጦ ይይዛል። ማቀፊያው ብሎን ላይ ስለሚዟዟር ምላጩ ከእጅህ ቁጥጥር ውጪ ይሆናል። የሚያዘው አንገቱ ነው።

አያያዙ ይኸውልህ። ምላጩን ክፈተው፣ ማቀፊያውን ቀጥታ መስመር አልፎ ወደ ላይ እስኪቆም ድረስ። ሌባ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት አንገቱ ላይ ከጀርባ በኩል ይቀመጣሉ። ትንሿ ጣት ጅራቷን ከላይ ትጫናለች። አውራ ጣት ከስር፣ ከአንገቱ ጎን ይደገፋል፣ ወደ አፉ ሳይጠጋ። ማቀፊያው በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ወደ ላይ ይወጣል። በቃ። አውራ ጣትህ ምንም አይጫንም፣ እንደ መደርደሪያ ከስር ይሸከማል እንጂ። አንተ ግን መሮ እንደምትይዝ በአውራ ጣት ነክሰህ ነው የያዝከው ብዬ እገምታለሁ። መሮ ሲመታ ይሸሻል፣ ስለዚህ ይጨበጣል። ምላጭን የሚመታው የለም።

የጥብቀቱን ልክ በቃል መናገር ያስቸግራል። እኔ ተለማማጅ ሳለሁ የሠራሁበት ቤት ሽማግሌ፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ከኋላዬ ቆሞ ምላጩን በሁለት ጣቱ ከእጄ መዘዝ ያደርገዋል። ሳይቸግረው ከወጣለት ይመልስልኛል። ይዤ ካስቸገርኩት «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለቱ ነው። የተከፈተ ምላጭ ከእጅ መምዘዝ ጥሩ ትምህርት አይደለም፣ አንተ እንዳትሞክረው። ግን ነገሩ ገባኝ። ዛሬም ደንበኛ ስላጭ የጣቶቼን ጥፍር አያለሁ። ጥፍሬ ከነጣ ጨብጫለሁ ማለት ነው፣ አንስቼ እጄን አራግፋለሁ። አንተም ይህቺን ያዝ። ጥፍርህ ሲነጣ ካየህ አቁም።

ማዕዘኑ ደግሞ በግምት 30 ዲግሪ ነው። ዲግሪ መለኪያ ይዘህ መስታወት ፊት አትቆምም መቼም፣ ስለዚህ እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ምላጩን ጉንጭህ ላይ ጭራሽ አስተኛው። ከዚያ ጀርባውን አንሳ፣ በጀርባውና በቆዳህ መካከል ተራ የጽሕፈት እርሳስ የሚያልፍ ያህል። የተለመደው የምላጭ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የእርሳስ ያህል ክፍተት ወደዚያ ማዕዘን ያደርስሃል። ከዚያ በላይ ካነሳኸው ይፍቅሃል፣ ያደማሃል። በጣም ካስተኛኸው ፀጉሩን ይጎትተዋል። የአብዛኛው ጀማሪ ችግር ማንሳት ነው። አገጭ ላይ የቆረጠህም እሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጉንጭ ላይ የነበረህን የእጅ አቀማመጥ ሳትቀይር አገጭ ስትደርስ ቆዳው ከስር ይዞርብሃል፣ ማዕዘኑም ሳታውቀው ይከፈታል።

አንተ መላጊያ ታውቃለህ። ዋንዛ ስትልግ መላጊያውን ወደ ታች ተጭነኸው ነው እንዴ ፍልፋዩ የሚወጣው? አይደለም። ስለቱ ጥሩ ከሆነ በራሱ ክብደት ይሄዳል፣ አንተ አቅጣጫ ነው የምትሰጠው። ከእንጨቱ ክር ጋር ከሄድክ ለስላሳ ነው፣ ክሩን ከገጠምከው ይቦጭቃል። ፂምም ክር አለው። አቅጣጫውን ለማወቅ ሁለት ቀን ሳትላጭ ቆይና መዳፍህን ፊትህ ላይ አሽከርክር። የሚለሰልስበት ከክሩ ጋር ነው፣ የሚሻክርበት በተቃራኒው። ጉንጭ ላይ አብዛኛው ሰው ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን የተምታታ ነው፣ የአንዱ ወደ ላይ ያድጋል፣ የሌላው ወደ ጎን ይተኛል፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰልም አለ። ስለ ራስህ አንገት ካላወቅክ በምላጭ አትንካው።

ከመላጊያ የሚለይበትን ግን አትርሳ። መላጊያን አንዳንዴ ወደ ጎን ሰያፍ ትገፋለህ። ምላጭን በፍፁም። ምላጭ በአፉ ርዝመት አቅጣጫ፣ እንደ ዳቦ ቢላ፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተንሸራተተ ቆዳ ይከፍታል። ሁልጊዜ አፉ ከፊት እየመራ፣ ወደ ጎን ሳይንሸራተት ነው የሚሄደው። እኔ ቤት ለተለማማጅ መጀመሪያ የማሳየው ይሄንን ነው፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ሰው ስለ ምላጩ እጅ ይጨነቃል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ሌላኛው እጅ ነው። ቆዳ ካልተወጠረ ምላጩ ፊት ለፊቱ ትንሽ ማዕበል እየገፋ ይሄዳል፣ ያቺ ማዕበል ናት የምትቆረጠው። ሕጉ ቀላል ነው። ምላጩ ወደሚሄድበት ተቃራኒ ትስባለህ። ወደ ታች የምትላጭ ከሆነ ቆዳውን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ የምትላጭ ከሆነ ወደ ታች። ለቀኝ ጉንጭ ግራ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ቀኝ ጆሮህ አጠገብ ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ያዝ። መስታወት ውስጥ ስታየው ያስቃል፣ ግን ይሠራል። የሚስበው ጣትህ ደረቅ ይሁን። ሳሙና ከነካው ይንሸራተታል፣ እጅህ ሲያመልጥ ምላጩ መንገድ ላይ ነው። አጠገብህ ደረቅ ፎጣ አስቀምጥ፣ ጣትህንም የምላጩን አንገትም በየመሐሉ ጥረግ።

ወደ ግራ ጎንህ እንምጣ። በግራ እጅ የሚሠሩ አሉ፣ ጥሩም ይሠራሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ክንድህ መስታወቱን አይጋርድም፣ አንጓህም አይሰበርም። ጉዳቱ ሁለት እጅ ከዜሮ ማስተማር ነው፣ ለዚያውም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይቀየርብሃል፣ የሚላጨውም የሚወጥረውም እጅ። አንዳንዱ የግራ እጅ ፈሪ ስለሆነ ይጠነቀቃል፣ ስለዚህ ይሻላል ይላል። እኔ አልስማማም። ፈሪ እጅ ይጨብጣል። ያንተ ችግር ደግሞ መጨበጥ ነው። ስለዚህ ለጊዜው በቀኝ እጅህ ብቻ ሥራ።

እንዴት? ግራ ጉንጭ ላይ የምላጩ ጫፍ ወደ ጆሮህ፣ ጅራቱ ወደ አፍህ በኩል ይሁን። ክንድህ ደረትህን አቋርጦ ያልፋል። አሁን ክርንህን አንሳው፣ ከትከሻህ እኩል እስኪሆን ድረስ። አንተ ክርንህን ወደ ጎድንህ ስለምታስጠጋው ነው ክንድህ ፊትህ ላይ ቆሞ መስታወቱን የሚጋርደው። ክርኑ ሲነሳ እጅ ይገለጣል። ከዚያ አንገትህን ወደ ቀኝ አዙር፣ ግራ ጉንጭህ መስታወቱን ፊት ለፊት እስኪያየው። ዓይንህ በጥግ ነው የሚያየው፣ ለምደኸው ታየዋለህ። ግራ እጅህ ከጆሮህ ፊት ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ይዟል። ምላጩ ከጉንጭ አጥንት እስከ መንጋጋ ጠርዝ ይወርዳል፣ በአጭር በአጭር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሄደ። አንጓህ ቀጥ እንዳለ ክንድህ ከክርንህ ይንቀሳቀስ። ሦስት ሳምንት ሞክረህ አሁንም ካልተመቸህ ያኔ ግራ እጅን ለግራ ጉንጭ ብቻ ጀምር፣ ለአንገትና ለአገጭ ግን አይሁን።

አገጭ የሁሉም ሰው ፈተና ነው። ክብ ነው፣ ፀጉሩ ወፍራም ነው፣ አጥንት ቅርብ ነው። የታችኛውን ከንፈርህን በጥርስህ ላይ ጠቅልለህ ወደ ውስጥ ሳበው፣ አገጩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ በአንድ ምት አትሂድ። ከእያንዳንዷ ምት በኋላ ማዕዘኑን እንደ አዲስ ጀምር፣ መጀመሪያ አስተኛ፣ ከዚያ አንሳ። በመሐሉ ምላጩን አታሽከርክር። የላይኛው ከንፈር ላይ ደግሞ ከንፈርህን ወደ ታች በጥርስህ ላይ ወጥረህ በጫፉ በኩል ባለው ክፍል ብቻ ሥራ። አፍንጫ ስር ላለችው ትንሽ ቦታ ከጅል ጀግንነት ይልቅ ተራ መላጫ ተጠቀም። እኔ ለራሴ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ አላፍርበትም።

ዝግጅቱን በአጭሩ፦ ፊትህን በሞቀ ውሃ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አርጥበው። የረጠበ ፀጉር በቀላሉ ይቆረጣል፣ የደረቀ ግን ምላጩን ይታገለዋል። አረፋው ወፍራምና እርጥብ ይሁን፣ ሲደርቅብህ ውሃ ጨምርበት። ጠዋት ከሆነ ፊትህን ታጥበህ ብትጨርስ ነው የሚሻለው፣ ማታ ሰውነትህ ዝሎ፣ ዓይንህ የመጋዝ ብናኝ ሞልቶት አትጀምር።

ስለ ሽፍታው ቃል በገባሁት መሠረት። የእኛ ፂም ብዙ ጊዜ ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፀጉር በጣም ተጠግቶ ሲቆረጥ ሹል ጫፉ እያደገ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሳይወጣ ከስር ይቀራል፣ ሰውነትም እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያቃጥለዋል። ብጉር ይመስላል፣ ብጉር ግን አይደለም። እዚህ ጋ ከላይ ከነገርኩህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር አለ። ቆዳህን ከመጠን በላይ ከወጠርከው ፀጉሩ ተስቦ ይወጣና ይቆረጣል፣ ስትለቀው ከቆዳ በታች ይገባል። ስለዚህ አንገት ላይ ማዕበሉ እስኪጠፋ ብቻ ወጥር፣ እንደ ከበሮ አታድርገው። ከክሩ ጋር አንድ ዙር ብቻ። ሁለተኛ ዙር በተቃራኒው ሂዶ «ልጥ» ማድረግ የሚያምር ይመስላል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ዋጋውን ትከፍላለህ። ታጣፊ ምላጭ ሽፍታ ያድናል የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። አንድ ስለት ብቻ ስላለው ከብዙ ስለቱ መላጫ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ በደንብ ከተያዘ። ሽፍታው ከባሰ ግን ለተወሰነ ጊዜ ምላጭ ትተህ በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀረህ ተቆረጥ። ጠባሳህ የሚያብጥና የሚገፋ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ሽፍታው መግል ከያዘ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይሄን ምላጭ ቢተወው ይሻለዋል። እጁ የሚንቀጠቀጥም እንዲሁ።

ከቆረጠህ ንጹህ ጨርቅ አድርገህ 5 ደቂቃ ያህል ሳታነሳ ተጫነው። በየሰላሳ ሰከንዱ እያነሳህ ስታይ ነው የማይቆመው። እና እባክህ ቡና አትነስንስበት። ጅማ ስለሆንን ቡናው ቅርባችን ነው፣ እናቶቻችንም ያደርጉት ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ ተደርጎልኛል። የተወቀጠ ቡና ግን ንጹህ ነገር አይደለም፣ ቁስል ውስጥ ቆሻሻ መክተት ነው። ቡናውን ደሙ ከቆመ በኋላ ጠጣው።

አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ ልጨምር። የአጎትህ ምላጭ ነው ብለሃል። አጎትህም አልፎ አልፎ ይጠቀምበታል? ወንድምህስ? መልሱ አዎ ከሆነ ዛሬ ይቁም። ይህ ምላጭ ስለቱ አይቀየርም፣ ውሃ አፍስሰህ በፎጣ ብትጠርገው የተጸዳ አይደለም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለ ኤችአይቪማ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። አንድ ምላጭ ለአንድ ፊት ነው፣ ዘመድም ቢሆን። ፀጉር ቤት ስትሄድም አዲስ ስለት ፊትህ ሲከፈት እይ፣ ካላየህ ጠይቅ። የሚቆጣህ ቤት ከሆነ ተነስተህ ውጣ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? የአጎትህን ምላጭ ለጊዜው አስቀምጠው። ተቀያሪ ስለት የሚገባበት ታጣፊ መያዣ ግዛ፣ እኛ ፀጉር ቤት የምንጠቀምበት ዓይነት። ተራውን ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ከነወረቀቱ አጥፈህ ትሰብረዋለህ፣ ግማሹን ትከታለህ። ወረቀቱን ሳትገልጥ ስበረው፣ ጣትህን ያተርፋል። ይህ መያዣ ይበልጥ ይነክሳል የሚሉህ ሰዎች እውነት አላቸው። ስለቱ ቀጭን ነው፣ ጥጉ ሹል ነው፣ ስህተት አያልፍም። ቢሆንም እሱን የምመርጥልህ ሁልጊዜ ስል መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ከጎተተህ ጥፋቱ የእጅህ ነው እንጂ የድንጋዩ አይሆንም፣ ምን ማስተካከል እንዳለብህ ታውቃለህ። ባልተሳለ ምላጭ ላይ አያያዝ መማር ግን ጎማው በተነፈሰ ብስክሌት መንዳት መልመድ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስለቱን አትክተትበት። ባዶ መያዣውን ይዘህ ፊትህን አረፋ ቀባና አረፋውን ብቻ ጥረግ። ክርን ማንሳቱን፣ እጅ በአናት ላይ ማሻገሩን፣ አገጭ መጠቅለሉን ሁሉ ተለማመድ። ባዶው መያዣ አረፋው ላይ የሚተወውን መንገድ ተመልከት። መንገዱ ቀጥ ያለና እኩል ከሆነ አንጓህ አልተሰበረም፣ የተቀደደና የተወላገደ ከሆነ ወደ ጣትህ ተመለስ። ከፈለግክ ፊኛ ነፍተህ ሳሙና ቀብተህ ስለት ባለው መያዣ አረፋውን ጥረገው፣ የፀጉር ሥራ ተማሪዎች እንደዚያ ነው የሚለምዱት። ከፈነዳ ማዕዘንህ ትልቅ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ አስጠንቅቅ፣ ድምፁ ያስደነግጣል።

ሁለተኛውን ሳምንት በስለት ቀኝ ጉንጭህን ብቻ ላጭ፣ ሌላውን በለመድከው መላጫ ጨርስ። ሦስተኛው ላይ ግራ ጉንጭን ጨምር። አንገት ከዚያ በኋላ፣ አገጭና ከንፈር መጨረሻ። በየቀኑ አትላጭ፣ በሁለት ወይ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል፣ ቆዳውም ያርፋል። ጥሩ ስትሠራ የሚሰማ ድምፅ አለ። ደረቅ ቅጠል በጣት እንደማሸት ያለ፣ ትንሽ ፍስስ የሚል። ድምፁ ሲጠፋ ወይ አረፋው ደርቋል፣ ወይ ማዕዘኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ፂም የሌለበት ቦታ ላይ ነህ። ያገለገለውን ስለት ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ አትጣለው፣ ክዳን ባለው ጣሳ ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅመው። ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው እጅ አለው።

ምላጩ ከእጅህ ካመለጠህም አትያዘው፣ ይውደቅ። እግርህን ወደ ኋላ ሳብና ይውደቅ። በመሮ ቤት የለመድከው፣ የሚወድቅ መሣሪያ በአየር ላይ መቅለብ፣ እዚህ አይሠራም።

የአጎትህን ምላጭ ደግሞ ምላጭ መሳል ለሚያውቅ ሰው ስጠው። እስከዚያ ግን እንዲሁ አትተወው። የድሮ ምላጭ ብረት ዝገት ይወዳል፣ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበቱን ታውቀዋለህ፣ ልብስ እንኳ በሁለት ቀን አይደርቅም። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ከብሎኑ ስር ያለውን ውሃ በወረቀት ጥግ አውጣው፣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ አፉ ላይ በስሱ ቀባ። መታጠቢያ ቤት አታስቀምጠው። ተስሎ ሲመለስልህ ከመላጨትህ በፊት በየጊዜው በቆዳ ጠፍር ላይ 40 ወይም 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ታስኬደዋለህ። ጀርባው ቀድሞ፣ አፉ ተከትሎ፣ ሁለቱም ተኝተው። ስትመልሰው በጀርባው ነው የምትገለብጠው፣ በአፉ ከገለበጥከው ጠፍሩንም ስለቱንም ታበላሻለህ። ቀበቶህን አትጠቀም፣ የቀበቶ ስፌት ስለት ይገድላል። ሠፈርህ ቆዳ የሚሠራ አይጠፋም፣ ስፌት የሌለው ለስላሳ ቁራጭ፣ ስፋቱ ምላጩን የሚይዝ፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል አስቆርጥና አንዱን ጫፍ የሥራ ጠረጴዛህ ላይ በማጠንከሪያው ንከሰው።